ታፈረ ጥሶ፣ የላይ ቤቱ ሯጭ

ከወር በፊት በገበያ ዕለት ከሮብ ገበያ የመጣ አንድ ጎልማሳ የተበጠሰ የበቅሎ ኮርቻ ሊያስጠግን ደብረ ማርቆስ ካለችው ጠባብ ሱቄ ጎራ አለ። ቆዳውን ስሰፋለት አጠገቤ ቁጭ ብሎ የአገሩን ወሬ ያወራኝ ጀመር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በሬው ክሳት። በመጨረሻ እንደ ቀላል ነገር፣ «ያ አንካሳው ሽማግሌም ዐረፉ» አለኝ።

«የትኛው አንካሳ?»

«እርፍ ይዘው እየተንሻፈፉ የሚያርሱት ናቸዋ! አያ ታፈረ።»

መርፌው ከእጄ አመለጠኝ። ሰውየው ድንጋጤዬን አይቶ፣ «ያውቋቸው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አብሬው ሮጫለሁ» አልኩት።

ሊስቅ ፈለገና ነውር ሆኖበት ተወው። አልፈረድኩበትም። እሱ ታፈረን ያወቀው በምርኩዝ ሲሄድ ነው። ያ ሽማግሌ በጉብዝናው ጊዜ ሜዳ ላይ የሚይዘው ሰው ጠፍቶ እንደነበር ቢነግሩት እንዴት ብሎ ያምናል? ኮርቻውን ሰፍቼ ሸኘሁትና ሱቄን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከጣሊያን በፊት በእኛ አካባቢ የገና በዓል ሲደርስ አገሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። ከወንዙ ወዲህ ያለነው ላይ ቤት፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ታች ቤት እንባላለን። አዝመራው ከተነሣበት ሜዳ ላይ ጎረምሳው ሁሉ ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላውን ይዞ ይሰለፋል። ጥንጓ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ናት። መሀል ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ በዱላ እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሻገራት ወገን አሸነፈ። ሕጉ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ግፊያ፣ ጩኸትና የወለቀ ጥርስ ነው። አንዱ ተደናብሮ ከባላጋራው መሀል ተቀላቅሎ ከተገኘ ከሁለቱም ወገን «ሚናህን ለይ!» ይባላል። ወዴት እንደሆንክ ይታወቅ ማለት ነው።

ሌላው ሰው ጥንጓን ካገኛት ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶ ወደ ፊት ይልካታል። ታፈረ ግን አይልካትም፤ ይዟት ይሄዳል። ዱላውን ከመሬት ሳያነሣ፣ ጥንጓን እንደ ጥጃ እየነዳ፣ በዚያ ሁሉ በተኮለኮለ ሰው መሀል ጥልቅ ይልና በወዲያ በኩል ብቅ ይላል። «ጥሶ» የሚለው ቅጽል የወጣለት ለዚህ ነው። ሲሮጥ ድምፅ የለውም። ሌሎቻችን ስንሮጥ መሬቱ ይደልቃል፤ እሱ ሲሮጥ የሚሰማው የኩታው ጫፍ ሲርገበገብ ብቻ ነው።

እኔ ትከሻዬ ሰፊ፣ እግሬ ከባድ ነበር። ሥራዬ ከፊቱ እየሮጥኩ መንገድ መጥረግ ነው። የመጣውን በትከሻዬ ገፍቼ እጥላለሁ፤ እሱ በዚያ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን እንዴት አድርጎ እንደሚሾልክ ብጠይቀው፣ «ዓለሙ፣ አንተ ሰውየውን ታያለህ» አለኝ። «ሰውየውን ያየ ሰው ሰውየውን ይጋጫል። በሰውና በሰው መሀል ያለችውን ብርሃን እይ።» እኔ ብርሃኗን ለማየት ብዙ ደከምኩ። ሁልጊዜ የሚታየኝ ሰውየው ነው፤ እጋጨውም ነበር።

ሌላም ጠባይ ነበረው። አሳዶት የወደቀ ሰው ካለ፣ ጥንጓን ካሻገረ በኋላ ተመልሶ ያነሣዋል። አቧራውን ያራግፍለትና «አይዞህ፣ መሬቷ ናት የጣለችህ» ይለዋል። ሰው በሽንፈቱ እንዳያፍር ያደርግ ነበር።

ታፈረን የጣለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብሩ የሚባል የታች ቤት ሰው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቆም ሽመላ የሚመስል። ብሩ አይሮጥም፤ ይጠብቃል። አንድ ገና ላይ ታፈረ ሁሉንም አልፎ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ብሩ ዱላውን ድንገት ሰንዝሮ በአፍጢሙ ደፋው። ያን ዕለት ታች ቤቶች ብሩን በትከሻቸው ተሸክመው ሲጨፍሩ ዋሉ። ታፈረ ደግሞ የተላጠ ክንዱን እያሻሸ፣ «ይኼ ሰው ዓይን አለው» እያለ ሲያደንቀው አመሸ።

ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለታፈረ ግን እንጀራው ነበር። በአገራችን ርስት አልነበረውም። አባቱ ከዲማ በኩል መጥተው የሰው መሬት በእኩል ሲያርሱ የሞቱ ሰው ናቸው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል እንጂ፣ የእኛ ፊታውራሪ ላይ ቤት ሲሸነፍ ሳምንት የማያናግሩ ሰው ነበሩ። የታፈረን እግር አይተው ከግዛታቸው ላይ ማደሪያ መሬት ቆረሱለት። «እየሮጥክ እስካለህ ያንተ ነው» አሉት። በዚያች መሬት ጎጆ ቀለሰ፤ ጥሩወርቅን አገባ። ጥሩወርቅ የሮብ ገበያ ልጅ ናት፤ ነገር ከሥሩ የምታይ ሴት። ባሏ በሰው ሁሉ ሲወደስ እሷ አትፈነድቅም ነበር። «እግር ርስት አይደለም» ትለው ነበር ሰው ፊት ሳይቀር። እሱም እየሳቀ፣ «ርስቱስ ቢሆን የሚነጠቅ አይደል?» ይላታል።

ጣሊያን ገባ። ፊታውራሪ ጠመንጃቸውንና የሚከተላቸውን ይዘው ወደ ጮቄ ተራራ ወጡ። መሬታቸው ለጣሊያን ላደረ ሹም ተሰጠ፤ የታፈረም ማደሪያ አብሮ ሄደ። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ተሠራ። ከምሽጉ ሹማምንት አንዱ፣ እኛ ካፒታኖ የምንለው፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። ከምሽጉ በታች ያለውን ሜዳ አስደልድሎ ወታደሮቹን ኳስ ያጫውታል። አገሬው ኳስ በእግር ሲመታ ያየው ያኔ ነው።

የታፈረ ዝና ለካፒታኖው ደረሰውና አስጠራው። እኔም የጣሊያንን በቅሎዎች ኮርቻ እንድሰፋ ተይዤ በግቢው ውስጥ ነበርኩ። ካፒታኖው ከወታደሮቹ ጋር አሯሯጠው። ታፈረ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደና ሜዳው ዳር ደርሶ ቆሞ ጠበቃቸው። ካፒታኖው አጨበጨበ። ቀርቦም፣ በገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጭኑንና ባቱን በእጁ ዳሰሰ። ታፈረ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ለእኔ ትጫወታለህ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው። «ቤትና ዱቄት ይሰጥሃል። እምቢ ካልክ ግን ጌታህ ጫካ ናቸውና አንተም የሳቸው ሰው ነህ ማለት ነው ይልሃል።»

ታፈረም፣ «እሺ በለው» አለ።

እንዲህ ሆኖ ለጣሊያን ኳስ ተጫወተ። የሰጡት ጫማ እግሩን ስለነከሰው ወዲያው ጣለው እንጂ ጨዋታውን ቶሎ ለመደ። ከሩቅ ከሌላ ምሽግ ወታደሮች እየመጡ ይገጥማሉ፤ ታፈረ ያሸንፋቸዋል፤ ካፒታኖው ከጓደኞቹ ፊት ይኮራል። ገበያ ሲወጣ ግን ሰው ፊቱን ያዞርበት ነበር። «የጣሊያን በቅሎ» አሉት። አንዲት ጨው የምትሸጥ ባልቴት፣ «ላንተ የሚሸጥ የለኝም፤ ከጌታህ ግዛ» ብላ ሰድዳዋለች።

በዚያ ሰሞን ከእኔ ጋር ተቀምጠን፣ «ሚናህን ለይ ይሉኛል» አለኝ። «በምን ሆዴ ልለይ? ጥሩወርቅ ነፍሰ ጡር ናት። ጫካ ብገባ እሷን ያቃጥሏታል። እዚህ ብሆን ሰው ያቃጥለኛል።» እኔስ የማንን በቅሎ ኮርቻ ነበር የምሰፋው?

ገና ደረሰ። ካፒታኖው እንግዶች መጥተውበት ስለነበር «የአገሬውን ጨዋታ ላሳያችሁ» ብሎ ላይ ቤትና ታች ቤት እንዲሰለፍ አዘዘ። ጎበዙ ግማሹ ጫካ ገብቷልና የቀረነውን ሰብስበው አቆሙን። ብሩ ለአርበኞች እህል አቀበልክ ተብሎ ያኔ በምሽጉ ታስሮ ነበር። እንደሱ የታሰሩት በመኪና እየተጫኑ ይወሰዳሉ፤ ከተጫኑት ውስጥ ተመልሶ የመጣ አላየንም። አስተርጓሚው ሰው የሚያወራውን ሁሉ የሚያቀብል ነውና፣ ታፈረን የጣለ ብቸኛ ሰው እስር ቤት ውስጥ እንዳለ ለካፒታኖው ነግሮት ኖሯል። ብሩን አወጡት።

ሳየው አላወቅሁትም። ጉንጩ ገብቷል፤ ሲቆም ይወዛወዛል። ዱላ ሲሰጡት እንደ ምርኩዝ ተደገፈባት።

ካፒታኖው ተናገረ፤ አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተረጎመ። «ይህ እስረኛ ዛሬ ታፈረን ከጣለው ወደ ቤቱ ይሄዳል! ካልጣለው ነገ ከሌሎቹ ጋር ይጫናል! ታፈረ አስመስሎ ከወደቀ ግን ሁለቱም ይረሸናሉ!»

ታፈረ መቀነቱን አጠበቀ። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «ዓለሙ፣ ብሩ ጋ ስደርስ መንገድ አትጥረግልኝ» አለኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልሮጥ ነዋ! ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ጨዋታው ተጀመረ። ታፈረ ጥንጓን ይዞ ወጣ። ብሩ ሊገጥመው ሲል እግሩ ተጠላልፎ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ታፈረ አልፎት ሄዶ አሻገረ። ማንም እልል አላለም። ደግሞ ተጀመረ። አሁንም ብሩ ዱላውን ሰንዝሮ አየር መታ፤ ታፈረ አሻገረ። ከሴቶቹ መሀል አንዲቱ ማልቀስ ጀመረች። የብሩ እናት ሳትሆን አትቀርም። ካፒታኖው ሰዓቱን አየ፤ አስተርጓሚውም «የመጨረሻ ነው!» አለ።

ታፈረ ለመጨረሻ ጊዜ ጥንጓን ይዞ ተነሣ። እኔ እንደነገረኝ ከኋላው ቀረሁ። ያን ዕለት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብርሃኗን አየኋት። ከብሩ በስተቀኝ የተጠመዱ በሬዎችን የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ታፈረ ወደዚያ አልሄደም። ቀጥ ብሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ወደ ብሩ ሮጠ። ለእኔ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው። ከዚያ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዱላው የተሰበረ መሰለኝ። ዱላው ግን ደህና ነበር።

ካፒታኖው ወርዶ የታፈረን ጉልበት አየ። አጥንቱ ሥጋውን ሰንጥቆ ወጥቷልና አስመስሎ ነው የሚያሰኝ አልነበረም። በእንግዶቹ ፊት ቃሉን ለማጠፍ አፍሮ ይሁን እንጃ፣ ብሩን ልቀቁት አለ። ብሩ አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን ይዞ ደርቆ ቆሞ ታፈረን ያየዋል።

«ሂድ እንጂ!» ብሎ ጮኸበት ታፈረ ከመሬት ላይ ሆኖ። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ!»

ብሩ ሄደ። ትንሽ እንዳገገመም ጫካ ገባ። «ታፈረን የጣለ» የሚለው ዝና ቀድሞት ስለደረሰ ጎበዝ ተከተለው፤ ስሙ በፉከራ ይነሣ ጀመር።

ታፈረን ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም። ካፒታኖው አንድ ጊዜ መጥቶ አየውና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ዱቄቱ ቀረ። ቤቱንም ልቀቅ አሉት። ገበያው ደግሞ «የእጁን አገኘ» አለ። ጥሩወርቅ ባሏን በኪራይ አህያ ጭና፣ ከነሆዷ ወደ ወንድሞቿ አገር ወደ ሮብ ገበያ ወጣች። እኔ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ እኔ እየሰማሁ፣ «ስለ ብሩ ብለህ የልጄን እንጀራ ሰበርክ» አለችው።

«እኔ ሮጥኩ፤ እሱ መታኝ» አላት።

«ለሌላ አውራው!» አለችውና አህያውን ነዳች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታፈረን ቅዱስ አድርጌ ብተርከው ውሸት ይሆናል። አስታውሼ ልጠይቀው ስሄድ ያገኘሁት ሰው ሌላ ነበር። ከምድጃ ዳር ጉልበቱን ዘርግቶ ይውላል። ጠላ ካገኘ ይሰክራል። ልጇ ስታለቅስ ጥሩወርቅን ይሰድባል። ገና ሲደርስና ከሜዳው የጨዋታው ጩኸት ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ይዞራል። «ሩጫ ያለው እግሬ ላይ ነበር የመሰለኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ለካ እዚህ ነው ያለው» ብሎ ደረቱን መታ። «እግሩ ሞተ፤ ይኼኛው አልሞትም አለኝ።» አብሬው ተቀመጥኩ።

ያዳነችው ጥሩወርቅ ናት፤ ያዳነችውም በማባበል አይደለም። ወንድሟ ከመሬቱ ጥቂት ቆርሶ ሰጥቷቸው ነበር፤ የሚያርሰው ግን ጠፍቶ ጦም ሊያድር ሆነ። በእኛ አገር ሴት ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። አንድ ጠዋት ልጇን አዝላ፣ የወንድሟን በሬዎች ጠምዳ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ማሳው ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈቶ ያያት ጀመር። አንድ ሽማግሌ፣ «አንቺ ሴት፣ አገር ልታስረግሚ ነው?» ብለው ቢቆጧት፣ «አገሩ ከረገመኝ ቆይቷል አባቴ፤ እርስዎ ያርሱልኛል?» አለቻቸው።

ታፈረ ጩኸቱን ሰምቶ በምርኩዙ እያነከሰ ወጣ። ማሳው ዳር ቆሞ ጥቂት አያት። ከዚያ ገባና እርፉን ከእጇ ወሰደ። እሷም አልተከራከረችም፤ ልጇን ይዛ ዳር ተቀመጠች። የማይታጠፍ እግር ይዞ ከበሬ ኋላ መሄድ ቀላል አይደለም። እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ እግሩን እንደ ማጭድ ወደ ጎን እየወረወረ አረሰ። ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ጎረምሶች ሲስቁበት፣ «ሳቁ፤ ገብሱ የትልሙን ጠማማነት አያውቅም» አላቸው። ከዚያ ጀምሮ ያች ማሳ ጦም አድራ አታውቅም።

ጣሊያን ወጣ። ፊታውራሪ ከነጎበዛቸው ተመለሱ። ለጣሊያን ያደረና ያላደረ የሚለይበት ጉባኤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጠ፤ ታፈረም ተጠርቶ መጣ። ለጥሩወርቅ ይህ ቀን ትልቅ ተስፋ ነበር። ታፈረ እውነቱን ከተናገረ የአርበኛ ነፍስ ያዳነ ይባላል፤ ማደሪያውም ይመለስለታል። እኔም ምስክር ልሆን ተዘጋጅቼ ነበር።

ፊታውራሪ፣ «የጣሊያንን ዱቄት በልተሃል ወይ?» አሉት።

«በልቻለሁ።»

«ተጫውተህለታል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ያኔ ብሩ ከአርበኞቹ መሀል ተነሣ። ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወርዷል፤ ወገቡን በዝናር ታጥቋል። ሰው ሁሉ ዐንገቱን ሰገገ። «ታፈረ» አለ፣ ድምፁ እየሻከረ፣ «በጉባኤው ፊት እጠይቅሃለሁ። በገናው ዕለት እኔ ነኝ የጣልኩህ ወይስ አንተ ነህ የወደቅክልኝ?»

ታፈረ ምርኩዙን ተደግፎ ቀና አለ። ልናገር ስል በዓይኑ ገሠጸኝ። «አንተ ነህ የጣልከኝ» አለ። «ይኼ ሁሉ ሰው አይቷል።»

ብሩ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ፊታውራሪም፣ «እግርህ ለጠላት ሲሮጥ ከተሰበረ እኔ ምን አገባኝ?» አሉ። «መሬቱን ለሌላ ሰጥቼዋለሁ። ሕይወትህን ግን ምሬሃለሁ፤ ሂድ።»

ስንመለስ ጥሩወርቅ ከፊታችን ቀድማ ትሄድ ነበር፤ ከጀርባዋ ብቻ ንዴቷ ይታያል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት። «አንዲት ቃል ነበረች እኮ!»

ጥቂት ተራመደና፣ «ያ ሰው ጫካ የገባው በዚያች ዱላ ስም ነው» አለኝ። «ጎበዝ የተከተለው ታፈረን የጣለ ብሎ ነው። ዛሬ አልጣልከኝም ብለው በሰው ፊት ምን ይዞ ይቆማል? እኔ እንደሆንኩ ጎዶሎነቱን ለምጄዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ታፈረ ዕድሜ ሰጥቶት ልጆቹን ዳረ። ብሩ ግራዝማች ተባለ። በየዓመቱ የእርሻ ወራት ሲገባ ከግራዝማች ቤት ሰዎች በሬ እየነዱ ይመጡና የታፈረን ማሳ አብረውት አርሰው ይመለሳሉ፤ እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ታፈረም ላኪውን ሳይጠይቅ ያበላቸውና ይሸኛቸዋል።

እኔ በየጊዜው ስሄድ ሮብ ገበያ ዳር ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ነው የማገኘው። ገበያው ሲሞላ ምርኩዙን አንሥቶ፣ «አየህ? በዚያች ቅቤ በተሸከመችውና በበጉ ነጋዴ መሀል ይኬዳል። ከዚያ ወደ ግራ። አህያዋ ሳትዞር ማለፍ ነው» ይለኛል። ምርኩዙን ተከትዬ ሳይ እውነትም መንገድ አለ። ከአፍታ በኋላ ይዘጋል። እሱ ሌላ ያገኛል። ፊቱ ላይ ያኔ ቅሬታ አልነበረም። ሲሮጥ የነበረው ደስታ ተመልሶ፣ ተቀምጦ ያገኘው ይመስል ነበር።

ለአርባው ተዝካር ወደ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ጥሩወርቅ አርጅታለች፤ ወገቧ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ዳሱ ውስጥ ካህናቱ ቀምሰው ከተነሡ በኋላ እኛ የቀረነው ተቀምጠን ሳለ አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወርደው ሰው እየደገፋቸው ገቡ። ግራዝማች ብሩ ናቸው። ጥሩወርቅ ብድግ አለች፤ ለሽማግሌ እንደሚገባ ቦታ ሰጠቻቸው፤ ምግብም ቀረበላቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«ጥሩወርቅ» አሉ፣ «የምበላው ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እኔ ያን ዕለት ዱላዬን አልሰነዘርኩም። የረኃብ ብዛት ዓይኔን አጨልሞት ነበር። እንዳልወድቅ ዱላዬን መሬት ተክዬ ተደግፌባታለሁ። ሲመጣ ሰማሁት፤ አላየሁትም። ጉልበቱን አምጥቶ እሷ ላይ ሰበረው። የጣልኩት እኔ አይደለሁም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በጉባኤው የጠየቅሁት እውነቱን እንዲያወጣልኝ ነበር። ለራሴ መናገር አቃተኝ። እሱ ግን በሰው ፊት አንተ ነህ አለኝና ዝናውን መልሶ ጫነኝ። ግራዝማችም ስባል፣ ስሸለምም፣ ያችን ውሸት ይዤ ነው የኖርኩት።»

ጥሩወርቅን አየኋት። መሬቱን፣ ሕፃኗን ያዘለችበትን እርሻ፣ በገበያ የሰማችውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ የምታነሣ መሰለኝ። ለመቆጣት የበቃ ምክንያት ያላት ሴት ናት።

«እሱ ሲሞት ልቡ ላይ ምንም ቂም አልነበረም» አለች። «እንደ ሕፃን ነው የተኛው። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት በእርስዎ ስቆጣ ኖርኩ፤ እርስዎ ደግሞ ይህን ተሸክመው ኖሩ። በቃ።»

ወደ መሶቡ ተጠጋች። «ይህ ገብስ እሱ ባረሰው ማሳ የበቀለ ነው» አለች። ቆርሳ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋችላቸው።

ግራዝማች እያለቀሱ ጎረሱ።